«በነፃ ነው የሰጡኝ»፦ ከአሜሪካ የተላከ ስልክ ለማስከፈት 6,500 ብር የሄደበት ጉዳይ

መነሻው

መገናኛ አካባቢ ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። «ይሄን ከአሜሪካ ላኩልኝ፣ ሲም አልቀበል አለ» የሚል ሰው ከሱቄ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ነገሩን አስረድቼ እሸኛለሁ። ይህኛውን የጻፍኩት ግን በሌላው ሰው ተበታትነው የማያቸው ስህተቶች እዚህ ተሰብስበው ስላገኘኋቸው ነው። ከስህተቶቹ አንዱ ደግሞ የእኔው ነው። ባለጉዳዮቹ እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን አላነሳም።

ሰውየው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገባች። እህታቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ለልጅቷ ይሁናት ብላ የራሷን አይፎን 13 በመንገደኛ ላከች። ስልኩ ጭረት የለውም። ካርቶኑም አብሮ መጥቷል።

ልጅቷ ሲሟን ስትከት «ሲም ኖት ሰፖርትድ» (ይህን ሲም አልቀበልም) የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሲሙን አውጥታ በዋይፋይ አስነሳችው። ፎቶ ያነሳል፣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፍታል። መደወል ብቻ የለም።

ገንዘቡ እንዴት እንደሄደ

ጋሼ መጀመሪያ ሰፈራቸው ያለ ሱቅ ጠየቁ። «በቺፕ (ከሲሙ ጋር በሚደረብ ስስ ነገር) 1,500፣ የማያዳግመው 9,000» ተባሉ። ዘጠኝ ሺው በዛባቸውና ተመለሱ። ማታ ልጅቷ ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘች። «ፋክተሪ አንሎክ (ለዘለቄታው መክፈት)፣ በ24 ሰዓት፣ ካልተከፈተ ገንዘብ ተመላሽ» ይላል። ዋጋው 6,500 ብር ነው፤ ግማሹ ቀብድ።

ቻናሉን በኋላ እኔም አየሁት። ተከታዩ ብዙ ነው። «ተባረክ ወንድሜ፣ ተከፍቶልኛል» የሚሉ የምስጋና ስክሪንሾቶች ተደርድረዋል። አስተያየት መስጫው ግን ዝግ ነው። ምስጋናውን ሁሉ የለጠፈው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ የተከፋ ሰው ቢኖር እንኳ የሚጽፍበት ቦታ የለም።

ልጅቷ የስልኩን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስታ ላከች። ጋሼ 3,250 ብር በቴሌብር ሊልኩ ሲሉ ስክሪኑ ላይ የመጣው የተቀባይ ስም የሴት ነው። የሚያወራቸው ሰው ደግሞ ወንድ ነኝ ብሏል። ጠየቁት። «የእህቴ ነው፣ የኔ ሊሚት ሞልቶ ነው» አላቸው። ላኩ።

በማግስቱ አንድ ስክሪንሾት መጣ። አረንጓዴ ምልክት አለው፣ የስልኩ ሞዴል ተጽፏል፣ ከሥሩ «አንሎክድ» ይላል። «ተከፍቷል፤ ቀሪውን ስትልኩ እለቀዋለሁ» አለ። ሁለተኛውን 3,250 ላኩ።

ከዚያ ወሬው ተለወጠ። ሰርቨሩ ስልኩን «ፕሪሚየም» ብሎ ስለመዘገበው ተጨማሪ 4,000 ብር ያስፈልጋል ተባለ። ዛሬ ካልተከፈለ ትዕዛዙ ይሰረዛል፤ የተከፈለውም አይመለስም። በዚያ ላይ የልጅቷን የአፕል አይዲ (የአፕል አካውንቷን መግቢያ)፣ የይለፍ ቃሉንና በመልእክት የሚመጣላትን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ጠየቀ። ኢሜይሏን ሰጥታዋለች። የይለፍ ቃሉን ልትሰጠው ስትል «ቆይ፣ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ» ብለው አባቷ አስቆሟት።

ሱቄ የመጡ ቀን

ጋሼ የመጡት ሊያቆሙ አልነበረም። አራት ሺው ኪሳቸው ነው። የጠየቁኝ «ዋጋው ተገቢ ነው ወይ?» ብለው ነው።

«ስድስት ሺህ አምስት መቶ ሄዷል፤ ለአራት ሺህ ብዬ ልተወው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እንዲህ ዓይነቱ ሌባ የሚኖረው በዚህች ሐሳብ ላይ ነው። መጀመሪያ 10,500 ቢላቸው ኖሮ እንደ ዘጠኝ ሺው በዛብኝ ብለው ይሄዱ ነበር። ቆራርጦ ሲጠይቅ ግን የሄደው ብር የሚመጣውን ይጎትታል።

ስክሪንሾቱን አየሁት። ከዚያ ስልኩ ላይ *#06# ደወልኩ። ይህ ኮድ በየትኛውም ስልክ ላይ ባለ 15 አሃዙን መለያ ቁጥር ያወጣል። የስልኩንና ስክሪንሾቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አደረግናቸው። መጀመሪያ አንድ ይመስላሉ። ጋሼ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መሐል ላይ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። ሰውየው ምስሉን ሲያቀናብር በእጁ ጽፎት ተሳስቷል ማለት ነው። ከእውነተኛ ሲስተም የወጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስህተት አይኖርበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። የመለያ ቁጥሩ 15ኛ አሃዝ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ከፊቱ ካሉት 14 አሃዞች የሚሰላ መቆጣጠሪያ ነው። ከግራ ሲቆጠር 2ኛው፣ 4ኛው እያለ እስከ 14ኛው ያሉት አሃዞች እጥፍ ይሆናሉ። እጥፉ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱ አሃዞች ይደመራሉ። ከዚያ ሁሉም ሲደመር ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ጋሼ እስክሪብቶ ተቀብለውኝ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠሩት። የስልኩ 60 መጣ። የስክሪንሾቱ 63።

እስክሪብቶውን አስቀምጠው ዝም አሉ። «ስንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

ድምሩ ልክ መጣ ማለት ግን ስልኩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ የበለጠ ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ገብተን ወደ ታች ወረድን። «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር አለ። ከጎኑ «ሲም ሎክድ» ይላል። የተከፈተ ቢሆን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» (የሲም ገደብ የለም) ይል ነበር። «ተከፍቷል፣ እለቀዋለሁ» የሚባል መካከለኛ ደረጃ የለም።

የኔ ስህተት የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ ለአባትየው ሳስረዳ ልጅቷ ተናዳ ለሰውየው «ሌባ!» ብላ ጽፋለታለች። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ጥቂት ደቂቃ አልቆየም፤ ንግግሩ በሙሉ ጠፋ። አባትየው ለማሳየት ወደ ራሳቸው ስልክ ካስላኩት አንድ ስክሪንሾትና ከቴሌብር የክፍያ መልእክቶች በቀር ምንም አልቀረንም። መጀመሪያ «ምንም እንዳትጽፊለት፤ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሺ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ቀጥለን የአፕል አይዲዋን የይለፍ ቃል ቀየርን፤ የማናውቀው ስልክ ገብቶበት እንደሆነም አየን። አልገባበትም። የይለፍ ቃሉንና ኮዱን ሰጥታው ቢሆን ኖሮ ሌላ ጉዳይ ይሆን ነበር። በሷ አካውንት ገብቶ ስልኩን እንደጠፋ ዕቃ ሊዘጋውና መክፈቻ ብሎ ሌላ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል።

ማን ነው የቆለፈው?

ደንበኞች «ሎክ ነው» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የቱ ሎክ እንደሆነ ነው። የስክሪን ኮድ አንድ ነው። አይክላውድ የሚባለው፣ የባለቤቱን አፕል አይዲ የሚጠይቀው፣ ሌላ ነው። የኔትወርክ ሎክ፣ ማለትም ስልኩን የሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ከራሱ ሲም ሌላ እንዳይቀበል ያደረገው፣ ሦስተኛ ነው። አጭበርባሪው ሦስቱን ማደባለቅ ይወዳል። የጋሼ ስልክ ሎክ የኔትወርክ ነው። ለኔትወርክ ሎክ የአፕል አይዲ ይለፍ ቃል ምንም አይሠራም። ያንን መጠየቁ ብቻውን ሰውየውን ያጋልጠዋል።

አፕል ራሱ አይፎንን ከኔትወርክ ሎክ መክፈት የሚችለው የሸጠው ኩባንያ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ የሸጠውን ኩባንያ ማግኘት ነበረብን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለእህትየው ደወልን፤ እዚያ ቀትር አለፍ ብሏል።

«ወንድምዓለም፣ ምን ሎክ አለው? ስልኩ እኮ የኔ ነው። በነፃ ነው የሰጡኝ» አለች።

«በነፃ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። የወሩን ቢል ከፍታ እንድታነብልን ለመንኳት። አነበበች። የስልኩ ክፍያ፣ 36 ወር፣ 25ኛው ተከፍሏል፤ በወር 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም። ከሥሩ ያንኑ ያህል ቅናሽ ተመላሽ ይላል።

ነገሩ ይኸው ነው። ኩባንያው ስልኩን በዱቤ ሸጦላታል። በየወሩ ያስከፍላታል፤ በየወሩ ደግሞ ያንኑ ይመልስላታል። እሷ ጋ ሲደርስ ዜሮ ስለሚሆን ነፃ መሰላት። ወረቀቱ ላይ ግን ገና 11 ወር ዕዳ አለ። ዕዳው እስካላለቀ ድረስ ሎኩ አይነሳም። ይህን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም። ስልኩ እዚያ ሲሠራ ሎክ መሆኑ አይታይማ።

ያልሠራው

ገንዘቡን ለማስመለስ ሞከርን። የክፍያ አገልግሎቱ ጋ ደወልን፤ ቅሬታው ተመዘገበ። ብሩ ግን ከደረሰበት አካውንት ወጥቷል። ጋሼ በፈቃዳቸው የላኩት ስለሆነ ያለ ፖሊስ ደብዳቤ ሌላ ማድረግ እንደማይቻል ነገሯቸው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃል ሰጡ። የተጠየቁት የንግግሩን ኮፒ ነው፤ የሌለንን ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ቺፕ አስገባሁ። ቺፕ የምንለው ከሲሙ ጋር ተደርቦ የሚገባ ስስ ነገር ነው፤ ስልኩ የእኛን ሲም ስልኩን የሸጠው ኩባንያ ሲም አድርጎ እንዲያየው ያታልለዋል። እህትየው እስክትወስን ልጅቷ እንድትደውልበት ብዬ ሱቄ ካለው አንዱን በነፃ ሰጠኋት። ዘጠኝ ቀን ሠራ። አሥረኛው ቀን ስልኩን አፕዴት አደረገችውና ቆመ። ቺፕ እኔም እሸጣለሁ፤ ግን ገዢው ምን እንደሚገዛ ይወቅ። ሎኩ አልተነሳም። አፕል በሩን በዘጋ ቁጥር ሰውዬው ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል። «የማያዳግም» ብሎ ቺፕ የሚሸጥ ሰው እየዋሸ ነው።

የሠራው

ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ 11 ወር መጠበቅ ነው፤ ዕዳው በቅናሹ ያልቃል፣ ከኪስ የሚወጣ የለም። ሌላው ቀሪውን፣ ወደ 244 ዶላር፣ አንዴ መክፈል ነው። ሲከፈል የወሩ ቅናሽ ስለሚቆም ብሩ የሚወጣው ከእህትየው ኪስ ነው። እኔ መጠበቅን መከርኩ። የጋሼ አሮጌ ስልክ ለልጅቷ መደወያ ይበቃት ነበር። እህትየው ግን «ስጦታ ብዬ ልኬ ጌጥ ሆኖ ሊቀመጥ ነው?» ብላ ከፈለች። ጋሼ እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል።

ዕዳው ሲያልቅ እህትየው በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የመክፈቻ ጥያቄ አስገባች። የተጠየቀችው የስልኩን መለያ ቁጥርና ጥቂት መረጃ ነው። ክፍያ ዜሮ። ኩባንያው በኢሜይል ማረጋገጫ ሊንክ ይልካል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ መጫን አለበት። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ገብቶ አላየችውምና ጊዜው አለፈ። እንደገና ጠየቀች። በሁለተኛው ተሳካ። ከሁለት ቀን በኋላ ተፈቅዷል የሚል ኢሜይል መጣ።

እኔ ጋ ምንም ጥበብ አልቀረም ነበር። ቺፑን አውጥቼ ጣልኩ። ስልኩን ዋይፋይ ላይ አድርጌ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከተትኩ። አጥፍቼ አበራሁት። አባውት ውስጥ ገባን። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ የኔ ስልክ ላይ ደወሉ፤ እኔው ፊት ቆመው «ሃሎ» አሉኝ።

ለሌላው የሚሆነው

ሰው «ስልክ ማን ይከፍታል?» ብሎ ይጀምራል። የሚሻለው «ማን ቆለፈው፣ ለምን?» ብሎ መጀመር ነው። የቆለፈው ሲታወቅ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ስልኩን ከኔትወርክ ሎክ ማስከፈቱን የሚፈቅድ ሕግ በ2014 ወጥቷል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቅድመ ሁኔታቸው ሲሟላ ያለ ክፍያ ይከፍታሉ። ለምሳሌ ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩ ተከፍሎ ያለቀና 60 ቀን ያገለገለ መሆኑን ይጠይቃል፤ ቲ ሞባይል በወርሃዊ ውል ለተያዘ ስልክ 40 ቀን ይላል። ተሰረቀ ወይም ጠፋ ተብሎ የተመዘገበ ስልክ ግን አይከፈትም። ካናዳ ከታኅሣሥ 2017፣ እንግሊዝ ደግሞ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ከእነዚያ አገሮች ከዚያ ወዲህ በአዲስነቱ የተገዛ ስልክ ሲም እምቢ ካለ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሌላውን ማየት ይሻላል።

«ታዲያ ከፍሎ የተከፈተለት ሰው አውቃለሁ» የሚለኝ አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። በድሮ ኖኪያ ጊዜ መክፈቻው ከመለያ ቁጥሩ የሚሰላ ኮድ ነበር፤ መርካቶ ጥቂት ብር ከፍሎ ያስከፈተ ብዙ ነው። «ኮድ ይገዛል» የሚለው እምነት ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። ለአይፎን ግን ስልኩ ላይ የሚጻፍ ኮድ የለም። መዝገቡ ያለው አፕል ሰርቨር ላይ ነው፤ የሚያስለውጠውም የሸጠው ኩባንያ ነው።

ከኩባንያው ውጭ በብር የተከፈቱትም ብዙ ጊዜ በስርቆት መንገድ የተከፈቱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የኤቲ ኤንድ ቲ ሠራተኞችን ጉቦ እየሰጠ ለዓመታት ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ስልክ አስከፍቶ በ2021 የ12 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ኩባንያው የከሰረው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ የቲ ሞባይል መሸጫ ሱቅ የነበረው ሰው በተሰረቀ የሠራተኞች የይለፍ ቃል ስልክ እየከፈተ ሲሸጥ ተይዞ በ2022 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «በ24 ሰዓት» የሚለው ሰው ሁለት ነገር ነው ሊሆን የሚችለው፤ ወይ ምንም የለውም፣ ወይ ያለው የተሰረቀ ነው። እስካሁን እኔ ያገኘኋቸው ምንም የሌላቸውን ነው።

ውጭ ላሉት የምለው አለኝ። ስልክ ከመላካችሁ በፊት አባውት ውስጥ ገብታችሁ ያችን አንድ መስመር አንብቡ። «ሎክድ» ካለ ቢላችሁን ክፈቱ። ሻንጣ ውስጥ ከገባ በኋላም በኢንተርኔት ሊስተካከል ይችላል፤ ግን ዕዳው በስማችሁ ነው፣ እዚህ ያለው ሰው ስለናንተ ሊጨርሰው አይችልም። ከአፕል አይዲያችሁም ውጡበት። የጋሼ እህት ይህንን አድርጋ ነበር፤ ባታደርግ ኖሮ ሁለት ሎክ ይሆን ነበር።

እዚህ ያለው ደግሞ የሚከፍል ከሆነ ሱቅ ላለው፣ ነገ ሊያገኘው ለሚችል ሰው፣ ሲሙ ሠርቶ ካየ በኋላ ይክፈል። የተቀባዩ ስም ከሚያወራው ሰው ጋር ካልገጠመ እዚያው ይቁም። ጋሼ ያንን አይተው ነበር፤ ጠይቀውም ነበር። መልሱን አምነው ነው የቀጠሉት።

አሁን ያለበት

የፖሊስ ጉዳዩ አልተዘጋም፣ አልተንቀሳቀሰምም። 6,500 ብሩ አልተመለሰም። ልጅቷ ጅማ ናት፤ ስልኩ ይሠራል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሌላ ሰው ይዘው ሱቄ መጡ፤ የሥራ ባልደረባቸው ናቸው፣ ልጃቸው አይፎን ልኮላቸዋል። ሰውየው ቀብድ ሊልኩ ሲሉ ነው ጋሼ የደረሱባቸው። አዲስ ቻናል፣ አዲስ ስም። የተላከላቸውን የናሙና ስክሪንሾት አሳዩኝ። አረንጓዴው ምልክት ያው ነው። ጋሼ ከኪሳቸው ያንን የደረሰኝ ወረቀት አውጥተው ቁጥሩን አስተያዩት። ያው የተቀያየሩት ሁለት አሃዞች ናቸው።